አሮጌ ወታደራዊ ጂፖች በአዲስ አበባ

አሮጌ ወታደራዊ ጂፖች የሚባሉት ለሠራዊት አገልግሎት የተሠሩ፣ ወይም በዚያው አሠራር ለሲቪል ገበያ የወጡ፣ በአራቱም ጎማ የሚሄዱ ቀላል ተሽከርካሪዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቁት የአሜሪካው ዊሊስ፣ የእንግሊዙ ላንድሮቨር፣ የጃፓኑ ላንድክሩዘር 40 እና የሶቪየት ኅብረቱ ዋዝ ናቸው። ብዙ ሰው ማርካቸውን ሳይለይ ሁሉንም «ጂፕ» ይላቸዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ እነዚህን መኪኖች መሰብሰብ፣ ማደስና መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድና የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የቆዩት ቅርስ ተብለው ተጠብቀው ሳይሆን ከሥራ ስላልወጡ ነው። መካኒኩ በየጊዜው የሌላ መኪና ዕቃ እየገጠመ አቆያቸው። ዛሬ ወደ መጀመሪያ መልኩ ልመልሰው የሚል ባለቤት የሚቸገረውም በዚሁ ለውጥ ነው።

አመጣጥ

የመጀመሪያው ጂፕ ናሙና በባንታም ኩባንያ ተሠርቶ ለአሜሪካ ጦር የቀረበው በመስከረም 1933 ዓ.ም. (1940 እ.ኤ.አ.) ነው። ባንታም ብዙ ለማምረት አቅም ስላልነበረው ዋናው ትእዛዝ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ፤ ሁለቱ ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች አመረቱ። ሁለቱ ፋብሪካዎች የሠሩት አንድ ዓይነት መኪና ቢሆንም ልዩነት አላቸው። በፊት በኩል የሻንሲው ማገናኛ በዊሊስ ክብ ቱቦ ሲሆን በፎርድ የተገለበጠ የ«ዩ» ቅርጽ አለው። ፎርድ በየብሎኑ ራስ ላይ ሳይቀር «ኤፍ» የሚለውን ፊደል ይመታ ነበር።

ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የተፈራረሙት በግንቦት 1945 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ትጥቅ በአብዛኛው አሜሪካ ሠራሽ ነበር። ግንኙነቱ በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ወቅት የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ሲገባ የሠራዊቱ መኪኖችም ምንጫቸው ተለወጠ።

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይሰጥ ስለነበር አካሉ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። መጀመሪያ የታሰበው ለገበሬ ቢሆንም ወዲያው ጦር ሠራዊቶች ገዙት። የጃፓኑ ላንድክሩዘር 40 ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተመረተ ሲሆን መነሻው የአሜሪካውን ጂፕ የሚመስል የ1951 እ.ኤ.አ. መኪና ነው።

ዋዝ 469 መመረት የጀመረው በ1965 ዓ.ም. (በ1972 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) ነው። ስሙ ከኡሊያኖቭስክ የመኪና ፋብሪካ የሩሲያኛ ምኅጻረ ቃል የመጣ ነው። ሞተሩ 2.4 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ነዳጅ ታንኩ ሁለት ሲሆን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ተቀምጧል። የወታደሩና የሲቪሉ ዋዝ ከላይ ሲታዩ አይለዩም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲታይ ግን በወታደሩ በየጎማው አጠገብ ተጨማሪ የጥርስ ሳጥን አለ፤ በዚህ ምክንያት ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የሲቪሉ ከፍታ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። የሁለቱ የጎማ ዘንግ ዕቃ ስለማይቀያየር ይህን ሳያጣራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ከመንግሥት ወደ ግል እጅ

በኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ መኪኖች ወደ ግለሰብ የሚደርሱበት ዋናው መንገድ ጨረታ ነው። ከአገልግሎት የወጣ የመንግሥት ንብረት በጨረታ ይወገዳል፤ ማስታወቂያውም በአዲስ ዘመንና በሌሎች ጋዜጦች ይወጣል። የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖችም እንዲሁ ይሸጣሉ። በጨረታ የሚገዛው ሁሉ ለማደስ አይደለም፤ አንዳንዱ ለመለዋወጫ ይፈታል፣ አንዳንዱ ለብረት ማቅለጫ ይሄዳል። በአስመራ ዳርቻ በሚገኘው የታንክ መቃብር ተደርድሮ የቀረው የጦርነት ብረት ሳይነካ የተተወ ተሽከርካሪ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ቤቴል በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከጦር ኃይሎች ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ይህ የከተማው ክፍል ከወታደር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ካምፕ ነው። በቤቴል የሚኖር አሮጌ ጂፕ ያለው ሰው ዕቃ ሲፈልግ መንገዱ ወደ መርካቶ አካባቢ ነው። በሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። በምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ብረትና ጎማ እንደገና ዕቃ ይሆናል።

እድሳት

የጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ቴስታታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። የእንግሊዝኛ የጥገና መጽሐፍ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዝገበ ቃላት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሻንሲው ነው። ሻንሲው በትንሽ መዶሻ እየተመታ ይሰማል፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። በቀለም የተሸፈነ ዝገት በዚህ ይጋለጣል። በላንድሮቨር ላይ ገዢን የሚያታልለው የአካሉ አለመዛግ ነው። አሉሚኒየሙ እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻንሲውና በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው ግድግዳ ግን ብረት ናቸው። አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ስለዚህ ሲገጣጠም በመካከሉ ጎማ ወይም ወፍራም ቀለም ማድረግ ያስፈልጋል። የተጎዳ ላሜራን ቆርጦ በአዲስ መተካትና በስቱኮ መሙላት ለዓይን አንድ ቢመስሉም በስቱኮ የተሸፈነው ከጥቂት ክረምት በኋላ ይሰነጠቃል።

ሞተሩ ሌላው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የዊሊስ ባለ 2.2 ሊትር ሞተር በፋብሪካ 60 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው በእንጦጦ ዳገት ላይ ከ48 ብዙም አይዘልም። ካርቡራቶሩ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ጥቁር ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሞተር ብልሽት እየተባለ ያለ አግባብ ሞተር ያስፈታል። ትክክለኛው መፍትሔ የካርቡራቶሩን የነዳጅ ቀዳዳ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመሩም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የጦርነቱ ዘመን ጂፕ በ6 ቮልት ይሠራል፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣው ኤም 38 ግን በ24 ቮልት ነው። ለሁለቱም አምፖልና ዲናሞ ማግኘት ስለሚያስቸግር ወደ 12 ቮልት መለወጥ የተለመደ ነው። ዋዝ ከመነሻው 12 ቮልት ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

ዕቃው ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። ለባሌስትራው ማያያዣ የሚገባው የጎማ ቦኮላ በረባሶ ጫማ ከሚሠራበት ዓይነት አሮጌ ጎማ ሊቆረጥ ይችላል። የሸራው ጣሪያም ለጭነት መኪና ሸራ በሚሰፉ ሰዎች እጅ ይሠራል። ትልቁ ክርክር የሚነሳው ሞተር ሲለወጥ ነው። በላንድሮቨር ውስጥ የቶዮታ ሞተር መግጠም መኪናውን ለዕለት ሥራ ያስተማምነዋል። ሰብሳቢ ግን በመጀመሪያ ሞተሩ ያለውን ይፈልጋል። ከመሬት እይታ የመካኒኩ ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ቆሞ ከሚዝግ ኦሪጅናል ይልቅ የሚሄድ ቅይጥ ይሻላል። ሆኖም የወጣው ሞተር ለብረት ከመሸጥ ይልቅ ተቀብቶና ተሸፍኖ ቢቀመጥ፣ አዲሱም ሻንሲ ሳይቆረጥ ቢገጠም፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚፈልግ ቀጣይ ባለቤት ዕድሉ ይኖረዋል።

ሽያጭና ሰነድ

በገበያ ላይ የመኪናው ዋጋ ግማሹ በሊብሬው ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ካልገጠመ ባለቤትነት ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ የተበላ ሻንሲ ሲጠገን ቁጥሩ የተመታበት ቁራጭ እንዳይነካ ይደረጋል፤ ሞተር ሲለወጥም በመዝገብ መስፈር አለበት። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ይፈጸማል፣ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራውን አልፎም ቦሎ ይለጠፋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ የድርጅት መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ ከሽያጩ በፊት ይጣራል።

ቀለምም በዋጋው ላይ ተጽዕኖ አለው። ለወጣት ገዢ የወታደር አረንጓዴ ቀለም ማራኪ ሊሆን ይችላል። የቀይ ሽብርን ዘመን ላሳለፈ ሰው ግን ደጃፍ ላይ የሚቆም ወታደራዊ መኪና ሌላ ትርጉም ነበረው። በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ እንዲህ ያለውን መኪና በነጭ ወይም በቢጫ መቀባት ከውበት ያለፈ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

የአቅርቦት መጥበብ

በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላውን ጂፕ ከውጭ አስገብቶ ማደስ በዚህ ሁኔታ የሚያዋጣ አይደለም። በአገር ውስጥ ያለው ብቻ ቀርቷል፤ ስለዚህም ሁለት የማይሄዱ ዋዞችን ገዝቶ ከሁለቱ አንድ ማውጣት አንዱ የእድሳት መንገድ ሆኗል። የሁለተኛው ሻንሲ ከነቁጥሩ ወደ ማቅለጫ ሲገባ ሊብሬው ባለቤቱ ጋ ይቀራል።