ከ“-ስተር” እስከ “-ኤስ”፦ የእንግሊዝኛ የሙያ ስሞችና የአንስታይ ቅጥያዎች ታሪክ

በዛሬው እንግሊዝኛ ባክስተር፣ ዌብስተርና ብሩስተር የቤተሰብ መጠሪያዎች ናቸው። ሲፈጠሩ ግን የመጀመሪያው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሁለተኛው ሸማኔ፣ ሦስተኛው ጠማቂ ማለት ነበር። “-ስተር” የተባለው መድረሻቸው በጥንታዊው እንግሊዝኛ “-ኤስትሬ” ከተባለው፣ በአመዛኙ ሴት ባለሙያን ከሚያመለክት ድኅረ ቅጥያ የወረደ ነው። “በአመዛኙ” መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የጋጋሪዋ ስም በጥንታዊ ጽሑፎች ለወንድም ተነግሮ ይገኛልና፣ ቅጥያውን ከመነሻው ፍጹም አንስታይ ነበር ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል።

በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይም በሰሜን እንግሊዝ፣ ቅጥያው ለሁለቱም ፆታዎች ማገልገል ጀመረ። አንዱ ምክንያት የሰዋስዋዊ ፆታ ሥርዓት መፍረሱ ነው። ሌላው ከቋንቋው ውጭ ያለ ነው። የታሪክ ምሁሯ ጁዲት ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በ1300 አካባቢ ጠመቃ በብዛት የሴቶች ሥራ ነበር፤ በ1600 ግን ካፒታልና ማኅበር ባላቸው ወንዶች እጅ ገብቷል። (በአማርኛ “ጠላ ጠማቂ” ሲባል ቅጥያ ሳይኖር ሴት በአእምሮ የምትመጣው ሥራው ከቤት ስላልወጣ ነው።) ወንዶች የሴቶችን ሙያ ሲወርሱ ስሙን ሳይቀይሩ ወረሱት፤ አንስታይነቱ ግን አብሮ አልተላለፈም።

የቅጥያው መድከም በግልጽ የሚታየው ልብስ ሰፊዋን በሚጠራው “ሲምስትረስ” ላይ ነው። “-ስተር” ሴትን ማመልከት ስለተሳነው “-ኤስ” ተደረበበት። አንስታይነቱን የጠበቀው ዋናው ቃል “ስፒንስተር” ነው፤ እርሱም በሌላ ዋጋ። ፈትል የምትፈትል ሴት ማለት የነበረው ቃል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያላገባች ሴት ሕጋዊ መጠሪያ ሆነ። ከእንግሊዝና ከዌልስ የጋብቻ መዝገብ የወጣው በ2005 ነው።

“-ኤስ” ከግሪክ በላቲን፣ ከላቲን በፈረንሳይኛ አድርጎ ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በኋላ የገባ ቅጥያ ነው። መጀመሪያ የማዕረግ ሴቶችን ይጠራ ስለነበር ውርደት በውስጡ አልነበረም። ሆኖም ጥንዶቹ ከጊዜ በኋላ ሚዛናቸውን አጡ። “ገቨርነር” አስተዳዳሪ ሆኖ ሲቀጥል፣ “ገቨርነስ” የሰው ቤት ልጆች አስተማሪ ሆና ቀረች። በ1559 የወጣው ሕግ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን የቤተ ክርስቲያን የበላይ “ገቨርነር” ያላቸው በተባዕታዩ ቅርጽ ነበር። ከዚህ ጋር በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትን የዘውዲቱን “ንግሥተ ነገሥታት” የተባለ ማዕረግ ማነጻጸር ይቻላል፤ እዚያ አንስታዩ ቅርጽ ከሥልጣኑ ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ ችግሩ በቅጥያው ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት አያሳምንም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ክርክሩ በግልጽ ወጣ። ኤልሳቤጥ ብላክዌል በ1849 የሕክምና ዲግሪ ከተቀበሉ በኋላ ሴት ሐኪም ምን ትባል የሚለው ጥያቄ ተግባራዊ ሆነ። የ“ጎዲስ ሌዲስ ቡክ” መጽሔት አዘጋጅ ሳራ ጆሴፋ ሄል ለሴት ባለሙያዎች የራሳቸው ስም እንዲኖራቸው፣ ለምሳሌ “ዶክትረስ” እንዲባሉ፣ አጥብቀው ተከራከሩ። “ፊሜል” የሚለው ቅጽል ግን ለእንስሳትም የሚነገር ነውና ተቃወሙት፤ የቫሳር ኮሌጅም በ1867 ቃሉን ከስሙ አወጣ። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ጉልድ ባሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን ያዘ፦ ገጣሚ ማለት ግጥም የሚጽፍ ሰው ማለት ነው፣ ፆታ በቃሉ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ “ፖኤተስ” ትርፍ ነው አለ። ለሴቶች ክብር የተሟገቱት ሄል ቅጥያውን ሲሹት፣ ዛሬ የእኩልነት አቋም የሚመስለውን የያዘው የቋንቋ አራሚው ጉልድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ፋውለር ደግሞ በ1926 መዝገበ አጠቃቀሙ ተጨማሪ አንስታይ ስሞች ያስፈልጋሉ ብሎ፣ የሚቃወሙትን ሴቶች ተሳስተዋል አለ።

ለማሾፍ የተሰጠ ቅጥያም የተገላቢጦሽ ሊያገለግል ይችላል። ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ በ1906 “ሰፍራጄት” ብሎ የሰየማቸው የምርጫ መብት ታጋዮች በ1912 ያቋቋሙትን ጋዜጣ በዚሁ ስም ጠሩት።

በ1975 ጉዳዩ ወደ ሕግ ተሻገረ። የብሪታንያ የፆታ አድልዎ ሕግ እንደ “ዌይተር”፣ “ሴልስገርል”፣ “ፖስትማን” እና “ስቱዋርደስ” ያሉ ስሞች በሥራ ማስታወቂያ ላይ ሲወጡ፣ ተቃራኒ መግለጫ ካልታከለበት የማዳላት ፍላጎት ማሳያ ተደርገው እንዲወሰዱ ደነገገ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት የሙያ ስሞች መዝገቡን ከፆታ አመልካች ቃላት የሚያጸዳ ማሻሻያ አሳተመ። “ስቱዋርደስ” ቦታዋን ለ“ፍላይት አተንዳንት” ለቀቀች። “አክትረስ” ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ናት፤ ብዙ ተዋንያት ራሳቸውን “አክተር” ሲሉ፣ የኦስካር ሽልማት ግን አሁንም የሴቶቹን ዘርፍ በአሮጌው ስም ይጠራል።