የመኖሪያ ቦታና የመንገድ ዋጋ፤ በፍኖተ ሰላም አካባቢ የተማሪ ኑሮ ታሪክ ለክፍል ትምህርት ሲውል

ከፍኖተ ሰላም ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ገጠር የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ በቀን ደርሶ መልስ 4 ሰዓት፣ በሳምንት 20 ሰዓት በመንገድ ላይ ያሳልፋል። ይህ ስሌት ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ እንኳ ቀላል ነው። የሚከብደው ከስሌቱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ተማሪው በከተማ ቤት ቢከራይ ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል የሚለው ነው። ጥያቄው ለጎጃም አዲስ ባለመሆኑ፣ መምህራን ምሳሌውን ከሩቅ አገር መጽሐፍ መቅዳት አያስፈልጋቸውም።

የቤተ ክህነት ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር። ተማሪው ቤቱን ጥሎ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት ማንኩሳም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኝ ቦታ ናት። በዚህ ሥርዓት የዕለት ምልልሱ ቀረ፤ ወጪው ግን አልቀረም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ በየደጁ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ፣ የቀለቡን ወጪ ለአካባቢው ባላገር አስተላለፈው እንጂ አላጠፋውም። ተማሪዎች ይህን ነጥብ በራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተዉ ይመረጣል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በአብዛኛው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባሉ ከተሞች ነው። ከዚህም የተነሣ የገጠሩ ልጅ ወይ መራመድ፣ ወይ መከራየት ግድ ሆነበት። የተከራዩት ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰብ ሄደው እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው ከረቡዕና ከሐሙስ አያልፍም፤ የቀረውን ቀን ድርቆሹ ይሸፍነዋል። እንግዲህ የቤቱ ዋጋ የወር ኪራይ ብቻ አይደለም፤ ስንቁ፣ እንጨቱ፣ በቤት ውስጥ የጎደለው የእረኝነትና የአረም ጉልበት ሁሉ ይደመርበታል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እንዲቀንስ አድርጓል። ቅናሹ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ጠፋ ኪራዩ ረከሰ፣ ቤቱ ግን ታጣ፤ አዲስ መጪውም በደባልነት መጠጋት ነበረበት። በወረቀት ላይ ያለ ዋጋና በእጅ የሚገኝ ዋጋ እንደሚለያዩ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ይህ ጸሐፊ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘው ከመንደር ምሥረታው ዘመቻ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ክፍላተ አገር፣ በጎጃምም ጭምር፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በአንድ መንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ዓላማው ትምህርት ቤትን፣ የመጠጥ ውኃንና ጤና ጣቢያን ማቅረብ ነው ተባለ። ዕቅዱ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲያቀርብ አባቱን ከማሳው አራቀው። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ፣ በሬዎቹን እየነዳ ረጅም መንገድ የሚሄድ ገበሬ የማለዳው ሰዓት ያልፍበታል፤ ሰብሉን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅለት አያገኝም፤ የጓሮው መሬትም ፍግ ያጣል። የአንዱ መንገድ ሲያጥር የሌላው እንደሚረዝም ያቀዱት ሰዎች አለመቁጠራቸው ትልቁ ስሕተት ነበር፤ ገበሬውን ሳይጠይቁ መወሰናቸው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ብዙዎች መንደሩን እያፈረሱ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ።

ዊልያም አሎንሶ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከከተማ መሐል በተራቀ መጠን የቦታ ዋጋ እንደሚቀንስ፣ የመጓጓዣው ወጪ ግን እንደሚጨምር አስረድቷል። በአዲስ አበባም በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ይህንኑ በአውቶቡስ ሰልፍ ተምረውታል። ለፍኖተ ሰላም ተማሪ ግን የአሎንሶ ስሌት ብቻውን አይበቃም። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ጨለማ ሳይለቅ ይነሣል፤ በክረምት እንደ ብር፣ ላህና ተምጫ ያሉ ወንዞች ሲሞሉ ሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ መሻገሪያ እስኪገኝ ድረስ ይረዝማል። ለልጃገረድ ደግሞ በሁለቱም በኩል ዋጋው ይከብዳል፤ በመንገድም ጠለፋና ጥቃት፣ በኪራይ ቤትም ብቸኝነት ይጠብቃታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ የደኅንነት ጉዳይ ከሰዓትና ከብር ቀድሞ እንደሚመጣ ሁሉም አይቷል።

ስለዚህ በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ሁለት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ አንደኛው ለሚመላለስ፣ ሁለተኛው ለሚከራይ። ሰዓቱን በብር ከመተመናቸው በፊት ያ ሰዓት በምን ሥራ ይውል እንደነበር ይጻፉ፤ የአጨዳ ወር ሰዓትና የየካቲት ሰዓት እኩል ዋጋ የላቸውምና። መምህሩ ትክክለኛውን መልስ አይስጥ። ለሥራው የሚመቸው ቀን ሰኞ ነው፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው የገቡት ተማሪዎች ርቀቱን ሳይጠየቁ ይናገራሉ።