የአንድ ዓይነት ገበታ ታሪክ፦ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች በአሜሪካ

የአሜሪካ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከባቡር ጣቢያ ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ወደ ምዕራብ ይጓዝ የነበረው ባቡር ለምሳ የሚቆመው ለ20 ደቂቃ ያህል ነበር። ተሳፋሪው ተጋፍቶ ይገባል፤ የደረቀ ሥጋና የከረመ ቡና ይቀርብለታል፤ ሳይጠግብ ደወል ይደወላል። ምግብ ቤቱ ያንን እንግዳ ዳግመኛ እንደማያየው ስለሚያውቅ ለማስደሰት አይደክምም ነበር። በወጣትነቱ ከእንግሊዝ የተሰደደው ፍሬድ ሃርቪ በ1876 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ጣቢያ የመጀመሪያውን የባቡር ምግብ ቤት ከፈተ። የተሳፋሪው ቁጥር በቴሌግራፍ ቀድሞ ስለሚነገር ባቡሩ ሲደርስ ማዕዱ ተሰናድቶ ይጠብቃል። ሃርቪ በ1901 ሲሞት ምግብ ቤቶቹ ከ40 በላይ ሆነው ነበር።

በዚህ ጅማሬ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሃርቪ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ይወጣ የነበረው መንገደኛው በየጣቢያው ያንኑ ምግብ ደጋግሞ እንዳይበላ ታስቦ ነው። በየቦታው አንድ የነበረው ንጽሕናውና መስተንግዶው ብቻ ነበር። ምግቡ ራሱ አንድ ዓይነት የሆነው በኋላ ነው፤ ይህንንም ያመጣው ፍርሃት ነው። አፕተን ሲንክሌር በ1906 ባሳተመው ልብ ወለድ የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ቆሻሻ ከገለጠ ወዲህ የተፈጨ ሥጋ በሕዝብ ዘንድ ተጠርጣሪ ሆኖ ነበር። በ1921 በዊቺታ ከተማ የተመሠረተው ኋይት ካስል ለዚህ ጥርጣሬ መልስ ሰጠ፦ ነጭ ቀለም የተቀባ ግንብ፣ በሚያብረቀርቅ ብረት የተለበጠ ወጥ ቤት፣ በደንበኛው ዓይን ፊት የሚጠበስ ባለ 5 ሳንቲም ሃምበርገር። አንዱን ቅርንጫፍ ያየ ሁሉንም እንዳየ ቆጠረ። አንድ ዓይነት መሆን በራሱ የጤና ዋስትና ሆነ።

ሦስተኛውን እርምጃ የወሰደው ሃዋርድ ጆንሰን ነው። በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ በኩዊንሲ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ገዝቶ አይስክሬም መሸጥ ጀመረ፤ በ28 ዓይነት ጣዕሙም ስም አወጣ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ለማስፋፊያ የሚሆን ብድር አልተገኘምና በ1935 ሌላ መንገድ ቀየሰ። ሌላ ሰው በራሱ ገንዘብ ይከፍታል፤ ጆንሰን ስሙን ያውሳል፤ ምግቡን ይሸጥለታል። ፍራንቻይዝ የሚባለው አሠራር በምግብ ቤት ዘርፍ ሥር የሰደደው በዚህ ዓይነት ውል ነው። ዛሬም ድረስ የሰፈር ገበታን የሚነካው ግን ሌላው ፈጠራው፣ ማዕከላዊ ወጥ ቤት፣ ነው። ምግቡ በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶና በረዶ ሆኖ በጭነት መኪና ስለሚከፋፈል በየቅርንጫፉ የሚያስፈልገው የሚያሞቅ ሰው ብቻ ሆነ። ባለሙያ ወጥ ሠሪ ከቦታው ሲነሣ፣ የአካባቢው ጣዕም፣ የአካባቢው ገበሬ ምርት፣ የባለቤቲቱ እጅ አብረው ተነሡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ኪሳራ ይኸው ነው።

ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ ደግሞ የቀረውን የወጥ ቤት ሥራ በታተኑት። ወንድማማቾቹ በ1940 በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ የከፈቱትን ገቢው የደራ ቤት በ1948 ለሦስት ወራት ዘጉት። 25 ገደማ የነበረውን የምግብ ዝርዝር ወደ 9 አወረዱ፤ ሳህንና ሹካን አስቀርተው በወረቀት መጠቅለል ጀመሩ፤ መኪና ድረስ የሚያስተናግዱትን ሴቶች አሰናበቱ። የአዲሱን ወጥ ቤት አቀማመጥ በቴኒስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ስለው ሠራተኞቹን እያመላለሱ ሞከሩት። አንዱ ይጠብሳል፣ ሌላው ይጠቀልላል፣ ሌላው መጠጥ ይቀዳል። ሃምበርገሩ 15 ሳንቲም ሆነ። የመጠጥ መበጥበጫ ማሽን ሻጩ ሬይ ክሮክ በ1954 ይህን አይቶ ተደነቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኢሊኖይ ዴስ ፕሌንስ የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ1961 ወንድማማቾቹን በ2.7 ሚሊዮን ዶላር አሰናበተ።

ክሮክን ያበለጸገው ከሥጋው ይልቅ መሬቱ ነበር። የፋይናንስ ሰው የነበረው ሃሪ ሶነቦርን በ1956 ባቋቋመው ስልት ኩባንያው ቦታውን ራሱ ይዞ ለፍራንቻይዝ ተዋዋዩ መልሶ ያከራያል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል አውራ ጎዳና ሕግ 66,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ፈቀደ፤ ከከተማ ወጥቶ የሚሰፍረው ሕዝብም መኪናውን ይዞ ተከተለ። የአዳዲሶቹ ሰፈሮች የቦታ አጠቃቀም ደንብ መኖሪያን ከንግድ ለየ፤ ምግብ ቤት የሚከፍት ሁሉ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ አስገደደ። የገበያ ማዕከል የሚሠራ ባለ ሀብትም ባንክ እንዲያበድረው ስሙ የታወቀና ኪራይ የማያጓድል ተከራይ ማሳየት ነበረበት። አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር የምትከፍተው ቤት በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ቀልላ ትገኛለች። ስለዚህ በብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች ያሉት ምግብ ቤቶች አንድ ዓይነት የሆኑት ነዋሪው ሌላ ምግብ ጠልቶ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የሚመርጥበት ገበታ ገና ሕንፃው ሲታቀድ ተወስኖለታል።

አንዳንድ ከተሞች ይህን በሕግ ሊያርሙ ሞከሩ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2004 ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ንግዶችን የሚገድብ ደንብ አወጣች፤ በ2006 ደግሞ መራጩ በድምፁ አጠናከረው። ሎስ አንጀለስም በ2008 በደቡባዊ ሰፈሮቿ አዲስ ፈጣን ምግብ ቤት ለብቻው እንዳይቆም ከለከለች፤ ነባሮቹን ግን አልነካችም።

ሕግ ሳይጠብቅ ገበታን ያበዛው ስደተኛው ነው፤ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን የሠሩት ሥራም ለዚህ ምስክር ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በ1968 ከተነሣው ሁከት በኋላ የዩ ጎዳና አካባቢ በተቃጠሉና በተዘጉ ሱቆች ተሞልቶ ለዓመታት ቆየ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ሸሹት። ኪራይ የረከሰው ኩባንያዎች በራቁበት ቦታ ነበር። ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በ1978 በጆርጂያ ጎዳና ተከፈተ፤ በ1980ዎቹ የአዳምስ ሞርጋን ሰፈር 18ኛ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች መደዳ ሆነ። ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና እንጀራው ከስንዴና ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ይጋገር ነበር፤ በርበሬው ከአገር ቤት በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ጉልበቱ የቤተሰብ ነበር። የአዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲንር ብዙዎቹ ወደ ዩና ወደ 9ኛ ጎዳና ተሻገሩ። እዚያም ሰፈሩ ታድሶ ኪራዩ ሲወደድ ጉዞው በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ቀጠለ፤ በመኪና ማቆሚያ ዙሪያ በተደረደሩ አሮጌ የገበያ ረድፎች ውስጥ፣ ከታወቁት የፈጣን ምግብ ምልክቶች ጎን፣ ጥሬ ሥጋና ሽሮ የሚያቀርቡ ቤቶች ተከፈቱ።