በጅሬን ኮረብታ የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት

የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ ይገኛል። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ የነበረችው ጅማ እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በቀዳማዊ አባ ጅፋር የተመሠረተች ሲሆን፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋታል።

ንጉሡ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ማስጠበቅን መርጠዋል። በዚህም ጅማ ጎረቤቶቿ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ሊሙ ያጡትን ራስ ገዝነት እስከ ዘመነ መንግሥታቸው ፍጻሜ ይዛ ቆይታለች። ሰላሙ ለንግድ በማመቸቱ የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት የንግድ ማዕከላት አንዱ ለመሆን በቅቷል። የዛሬዋ ጅማ ከተማም ያደገችው በዚሁ ገበያ አካባቢ ነው።

ዋናው ሕንፃ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን በአብዛኛው የተሠራው ከእንጨት ነው። የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች በከተማው ውስጥ በሚገኘው የጅማ ሙዚየም ለእይታ በመቅረባቸው፣ ጎብኚው የታሪኩን ሙሉ ገጽታ ለማግኘት ሁለቱንም ሥፍራዎች ማየት ይኖርበታል።

የእንጨት ሕንፃ በአካባቢው ረጅም የዝናብ ወቅት በእርጥበትና በምስጥ በቀላሉ ይጎዳል። በዕድሳት ወቅት የተለወጠ ጣውላም የቀድሞውን የእጅ ሥራ ይዞ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የጥገና ሥራ በቅድሚያ በባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ የደነገገው ይህን መሰሉን ጉዳት ለመከላከል ነው። ለአካባቢው አስተዳደር የሚቀረው ዐቢይ ተግባር ጣሪያውንና ወለሉን ከየክረምቱ በፊትና በኋላ መፈተሽ ነው።