ፖይንት ጋርድ (ቅርጫት ኳስ)

ፖይንት ጋርድ በቅርጫት ኳስ ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ የሚወጣና የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች ነው፤ በአሰልጣኞች አጠራር «1 ቁጥር» ይባላል። ቡድኑ በ8 ሰከንድ የመሐል መስመሩን ማለፍ፣ በ24 ሰከንድ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ስላለበት፣ ውሳኔው ፈጣን መሆን ግድ ነው። ዋነኛ መሣሪያው «ፒክ ኤንድ ሮል» ነው፦ ረጅሙ የቡድን አጋሩ ቆሞ የተከላካዩን መንገድ ይዘጋል፤ ወዲያው ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ፖይንት ጋርዱም ተከላካዮቹ ወዴት እንዳዘነበሉ አይቶ ያቀብላል፣ ራሱ ሰብሮ ይገባል ወይም ከርቀት ይወረውራል። የዩታ ጃዙ ጆን ስቶክተን ይህንኑ ከካርል ማሎን ጋር እየደጋገመ፣ በኤንቢኤ መደበኛ ውድድር 15,806 ለነጥብ የበቁ ኳሶችን አቀብሏል፤ ወደ ክብረ ወሰኑ እስካሁን የቀረበ እንኳ የለም።

ቦታው ለአጭር ተጫዋች ብቻ የተተወ ይመስላል። እርግጥ መግሲ ቦግስ 1.60 ሜትር ነበር፤ ማጂክ ጆንሰን ግን 2.06 ሜትር ሆኖ በዚሁ ቦታ ነግሧል። ስቴፈን ከሪ ደግሞ ፖይንት ጋርድ አቀባይ ብቻ ነው የሚለውን አመለካከት አፍርሷል፦ እ.ኤ.አ. በ2015–16 የውድድር ዘመን 402 ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶችን አስቆጥሯል።