«ደብዳቤ አለዎት»
ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር ለሚገባ ሰው የሚነገር ማስታወቂያ ታሪክ

በአገራችን ደብዳቤ በብዛት የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥኑ ግን አፍ የለውም፤ ባለቤቱ ሄዶ ካልከፈተው በቀር በውስጡ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። በኮምፒዩተር የሚላከውም ደብዳቤ ሲወለድ ይህንኑ ችግር ይዞ ተወለደ። በዚህ የበዓል መጽሔት ልንተርክላችሁ የመረጥነው፣ ርቆ ተቀምጦ በመስመር ወደ ኮምፒዩተር ለሚገባ ሰው ደብዳቤ መምጣቱ በምን መንገድ እንደ ተነገረው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በ1961 ፌርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚካፈሉበትን ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት አሳዩ። ከጊዜ በኋላ ሠራተኛው ከኮምፒዩተሩ ክፍል ርቆ፣ በስልክ መስመር በተያያዘ የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ ያዝዘው ጀመር። በ1965 ገደማ ሉዊ ፑዜን፣ ግሌንዳ ሽሮደርና ፓት ክሪስማን ባወጡት ማስታወሻ፣ አንዱ ለሌላው ደብዳቤ የሚተውበት ትእዛዝ እንዲሠራ አሳሰቡ። ካሰቡት ጥቅም አንዱ፣ የአንድ ሰው ፋይሎች በቅጂ መቀመጣቸውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ለባለቤቱ እንዲያስታውቅ ነበረ። ትእዛዙን በዚያው በ1965 የጻፉት ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ ናቸው። ደብዳቤው በፋይል ውስጥ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ በገባ ጊዜ መኪናው ደብዳቤ እንዳለው በወረቀቱ ላይ ይጽፍለታል።

በመግቢያ ላይ መንገር መልካም ነው፤ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ግን አይበቃም። በ1980 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ጆን ፎደራሮ ለዩኒክስ ቢፍ የሚባል ትእዛዝ ጻፈ። ቢፍ በዚያ የነበረች የአንዲት ተማሪ ውሻ ስም ነው። ፖስተኛ ባየ ቁጥር ይጮህ ስለ ነበረ ተሰየመበት እየተባለ ብዙ ተወርቷል፤ በቅርብ ያወቁት ግን ፈጠራ ነው ይላሉ። ውሻው ያልሠራውን ስም አገኘ ማለት ነው! ትእዛዙን ያበራ ሰው፣ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ወዲያው በፊቱ ይወጡለታል። ይሁን እንጂ ጽሑፍ እያረመ ከሆነ እነዚያ መስመሮች በሥራው ላይ ዘልለው ይወድቁበታልና፣ የሚያጠፋው ትእዛዝ አብሮ ተሰጠ።

ሦስተኛው መንገድ ሼል የሚባለው፣ የሰውየውን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም ነው። በ1989 የወጣው ባሽ የደብዳቤውን ፋይል ይመለከታል፤ ሌላ ካልታዘዘ በቀር 60 ሴኮንድ ሳያልፍ ደግሞ አያይም። የሚናገረውም አንዱ ሥራ አልቆ አዲስ ትእዛዝ ሊጠይቅ ሲል ብቻ ነው። የሰው ንግግር ሳያቋርጥ ተራውን የሚጠብቅ እንግዳ ይመስላል፤ እኛ ከሦስቱ ይህን እንመርጣለን።

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የይለፍ ቃሎች በመስመር ላይ ተሰርቀው ነበርና፣ ታቱ ዩሎነን ከሩቅ በምሥጢር የሚገቡበትን ኤስ.ኤስ.ኤች. ሠራ። ዛሬ በእርሱ ወደ ሊኑክስ ለሚገባ ሰው በመግቢያው ላይ ስለ ደብዳቤ የሚነግረው ፓም ሜይል የተባለው ክፍል ሲሆን፣ የሚታዘዘውም ለኤስ.ኤስ.ኤች. በተመደበው የፓም ፋይል ውስጥ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ፓም ሜይልም ሆነ ባሽ ደብዳቤው በእውነት የሚቀመጥበትን ቦታ መመልከት አለባቸው። ቦታው ከተለወጠና ለእነርሱ ካልተነገራቸው ዝም ይላሉ፤ ሰውየውም ዝምታቸውን «ደብዳቤ የለም» ብሎ ይተረጕመዋል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ክሮን የሚባለው ፕሮግራም በየሌሊቱ ቅጂ እንዲያስቀምጥ የታዘዘ እንደ ሆነ፣ ሥራው ሲከሽፍ የስሕተቱን ቃል በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ለባለቤቱ በደብዳቤ ይልካል። ማስታወቂያው ከጠፋ ኃላፊው በየቀኑ ከሩቅ ገብቶ ይወጣል፤ ደብዳቤዎቹም በሣጥኑ ውስጥ ይከመራሉ። የቅጂው መቅረት የሚታወቀው ፋይሉ በጠፋ ዕለት ነው።