የደብረ ሊባኖስ መንገድ

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው ደብረ ሊባኖስን ተሳልሞ ለማታ ከቤቱ ይገባል። የሰላሌ ሜዳ ሲያልቅ ምድሪቱ ከእግር ሥር በድንገት ትከፈታለች፤ በገደሉ አፋፍም ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይታያል። በዚያ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ነገር ግን ያሠሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸውና ስሙ አሳሳች ነው። የከተማ እንግዳ ይህን ሁሉ አይቶ ይመለሳል። ላጋ ወልዴ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱትን ይህን ገዳም፣ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ በተባባሪነት ከሰሰው። በግንቦት 12 ቀን፣ ይኸውም የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ዕለት፣ መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡት እንግዶች በጄኔራል ማለቲ ጭፍራ እጅ ወደቁ። በማግሥቱ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ ከተባለው ሜዳ ደረሱ፤ በዚያም በመትረየስ ተፈጁ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ዲያቆናቱ ለጊዜው ቀርተው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ 129ኙ በደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ በተባለው ስፍራ ተረሸኑ። ይህ ገዳዮቹ ራሳቸው የጻፉት ቍጥር ነው፤ ነገሩን ኋላ የመረመሩት ሰዎች ግን የሟቾቹን ብዛት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል።